የሕክምናውን ሂሳብ ማን ይክፈል? በኬንያ ስላለው የጤና መድን ክርክር ልታውቁት የሚገባ



ከካምፕ በሪፈር ወደ ናይሮቢ የመጣችሁ ወይም ኑሯችሁ ናይሮቢ የሆነ ላቪንግተን የሚባለውን ሰፈር ታውቁት ይሆናል። በጊታንጋ መንገድ ግራና ቀኝ ትላልቅ ግቢዎች፣ ረጃጅም ዛፎችና ቫሊ አርኬድ የሚባለው የገበያ ማዕከል ይገኛሉ። ያንኑ መንገድ ይዞ ወደ ምዕራብ የተጓዘ ሰው ብዙም ሳይደክመው ካዋንግዋሬ ይገባል። እዚያ ቤቱ ቆርቆሮ፣ ውኃው በጀሪካን፣ ገቢውም የቀን ሥራ ነው። ሁለቱ ሰፈሮች የሚመርጡት የፓርላማ አባል አንድ ነው፤ ሁለቱም በዳጎሬቲ ሰሜን የምርጫ ክልል ውስጥ ናቸው።

የላቪንግተን ነዋሪ ሲታመም ብዙውን ጊዜ የግል የጤና መድን ካርዱን ይዞ የግል ሆስፒታል ይሄዳል። የካዋንግዋሬ ነዋሪ ሲታመም ኪሱን ይዳብሳል፤ ካጣ ከዘመድ ይበደራል። በካኩማ ወይም በዳዳብ የሚኖር ስደተኛ ሲታመም ደግሞ በእርዳታ ድርጅት ወደሚተዳደር ክሊኒክ ይሄዳል፤ እዚያም ሲታከም አይከፍልም። በአንድ አገር ውስጥ ሦስት ዓይነት አከፋፈል አለ ማለት ነው። ባለፉት ዓመታት በኬንያ ፓርላማ፣ በፍርድ ቤትና በጎዳና ላይ ሲካሄድ የቆየው ክርክር ሦስቱን ወደ አንድ ማምጣት ይቻላል ወይ የሚል ነው።

ይህ ክርክር የኬንያውያን ብቻ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ነገር ግን የካምፕ ሕክምና የሚሠራበት ገንዘብ እየቀነሰ፣ የካምፑ ክሊኒክም ከአገሪቱ የጤና ሥርዓት ጋር እንዲዋሃድ እየታቀደ ስለሆነ ውጤቱ እናንተም ቤት ይደርሳል። ስለዚህ በዚህ እትም ጉዳዩን ከሥሩ ጀምረን ለማስረዳት እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጤና መድን ማለት ምን ማለት ነው?

እድርን የሚያውቅ ሰው ጤና መድንን ለመረዳት አይቸገርም። በእድር ሁሉም በየወሩ ይከፍላል፤ ኀዘን የሚደርሰው ግን በየጊዜው ለጥቂቱ ነው። የብዙዎች ትንሽ ገንዘብ የአንዱን ትልቅ ሸክም ያነሳል። ጤና መድንም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ጤነኛው ለታመመው፣ ወጣቱ ለሽማግሌው፣ ያለው ለሌለው ይከፍላል።

እድር ሁለት ነገሮች ያፈርሱታል። አንደኛው፣ አባቱ አልጋ ላይ ከወደቀ በኋላ ብቻ «መዝግቡኝ» የሚል ሰው ሲበዛ ነው። በጤና መድንም ታማሚ ብቻ ከተመዘገበ የሚወጣው ከሚገባው ይበልጣል፤ ሣጥኑም ባዶ ይሆናል። ብዙ መንግሥታት መድንን ግዴታ የሚያደርጉት በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው፣ ገንዘብ ያዡ ሳይታመን ሲቀር ነው። አባላት «ገንዘባችን የት ገባ?» ማለት ከጀመሩ መክፈል ያቆማሉ። በኬንያ የሚሰማው ክርክር በአብዛኛው ከእነዚህ ከሁለቱ አይወጣም።

ኬንያ እዚህ እንዴት ደረሰች?

ኬንያ ነፃ ከወጣች በኋላ በ1965 በመንግሥት ጤና ተቋማት ይከፈል የነበረው የተመላላሽ ሕክምና ክፍያ ተነሣ። በ1966 ደግሞ በእንግሊዝኛ አጠራሩ ኤን.ኤች.አይ.ኤፍ. የሚባለው ብሔራዊ የሆስፒታል መድን ፈንድ ተቋቋመ። ይህ ፈንድ መጀመሪያ የታሰበው ለደመወዝተኛው ነበር። ደመወዝ የሌለው ሰው በፈቃዱ እንዲገባ በኋላ ቢፈቀድም ብዙው ሕዝብ ውጭ ቀረ።

በ1980ዎቹ የመንግሥት ገንዘብ ሲያጥርና አበዳሪዎች ወጪ እንዲቀነስ ሲጠይቁ፣ በ1989 ታካሚው ክፍያ እንዲጋራ ተደረገ። ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደው ሕዝብ ቁጥር ስላሽቆለቆለ ክፍያው በ1990 ተነሣ፤ በ1992 ግን ተመልሶ መጣ። በ2004 በታችኞቹ ተቋማት ክፍያው ዝቅ ተደርጎ በዲስፐንሰሪ 10 ሽልንግ፣ በጤና ጣቢያ 20 ሽልንግ ሆነ። በ2013 እነዚህም ክፍያዎች ቀሩ፤ በመንግሥት ተቋማት መውለድም ነፃ እንዲሆን ታወጀ።

በዚያው በ2004 በጤና ሚኒስትሯ በቻሪቲ ንጊሉ የቀረበ ሁሉንም ሰው የሚያቅፍ የማኅበራዊ ጤና መድን ሕግ በፓርላማ ጸድቆ ነበር። ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ ግን አልፈረሙበትም። የዋናው ተቃውሞ ምክንያት ወጪው ከአገሪቱ አቅም በላይ ነው የሚል ነበር። ዛሬ የሚነሣው ክርክር የዚያን ጊዜው ተከታይ ነው።

በ2010 አዲሱ ሕገ መንግሥት ወጣ። አንቀጽ 43 «ማንኛውም ሰው» ሊደረስበት የሚችለውን ከፍተኛ የጤና ደረጃ የማግኘት መብት እንዳለው፣ ማንም ሰው ደግሞ ድንገተኛ ሕክምና ሊከለከል እንደማይገባ ይደነግጋል። አንቀጹ «ማንኛውም ዜጋ» አይልም። ይህች ልዩነት ለስደተኛ ትልቅ ትርጉም አላት። ከ2013 ጀምሮ አብዛኛው የጤና አገልግሎት ከማዕከላዊው መንግሥት ወደ 47ቱ ካውንቲዎች ተላለፈ። ካኩማ በቱርካና፣ ዳዳብ በጋሪሳ፣ ላቪንግተንና ካዋንግዋሬ ደግሞ በናይሮቢ ካውንቲ ሥር ናቸው።

አዲሱ ሥርዓት እንዴት ይሠራል?

በጥቅምት 2023 ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ አራት የጤና ሕጎችን ፈረሙ። ከእነዚህ አንዱ የማኅበራዊ ጤና መድን ሕግ ነው። በዚህ ሕግ አሮጌው ፈንድ ፈርሶ የማኅበራዊ ጤና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ሕዝቡ በአጭሩ «ሻ» ይለዋል። ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 1 ቀን 2024 ነው። ሥርዓቱ ሦስት ሣጥኖች አሉት፦

1. የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ ፈንድ፦ ለዲስፐንሰሪና ለጤና ጣቢያ የሚከፍል ነው። ገንዘቡ ከመንግሥት በጀት ስለሚመጣ የተመዘገበ ሰው መዋጮ ባይከፍልም ሊገለገልበት ይችላል።

2. የማኅበራዊ ጤና መድን ፈንድ፦ በሆስፒታል ተኝቶ ለመታከም፣ ለቀዶ ሕክምና፣ ለወሊድና ለመሳሰሉት ነው። በዚህ ለመጠቀም መዋጮ መክፈል ግድ ነው።

3. የድንገተኛ፣ የሥር ሰደድና የከባድ ሕመም ፈንድ፦ ሁለተኛው ሣጥን ሲያልቅ የሚደርስና ድንገተኛ አደጋን የሚሸፍን ነው።

የመዋጮው መጠን ከገቢ 2.75 ከመቶ ነው፤ ከወር 300 ሽልንግ ግን አያንስም። በምሳሌ እንየው። በወር 20,000 ሽልንግ የሚያገኝ ሠራተኛ በአሮጌው ፈንድ 750 ሽልንግ ይከፍል ነበር፤ በአዲሱ 550 ይከፍላል። በወር 100,000 የሚያገኘው በአሮጌው 1,700 ይከፍል ነበር፤ በአዲሱ 2,750 ይከፍላል። በቁጥሩ ብቻ ካየነው ዝቅተኛው ደመወዝተኛ ቀለለት፣ ከፍ ያለው ደግሞ ከበደው ማለት ነው።

ደመወዝ የሌለውስ? የቤተሰቡ አቅም በጥያቄ ይገመታል፤ ጣሪያው ምን ዓይነት ነው፣ ግድግዳውስ፣ ውኃ ከየት ይቀዳል፣ በምን ይበስላል የሚሉ ጥያቄዎች አሉበት። ከዚያ ኮምፒውተሩ የሚከፈለውን መጠን ያወጣል። ዝቅተኛው በዓመት 3,600 ሽልንግ ነው። ይህ ለግለሰብ ሳይሆን ለቤተሰብ ስለሆነ ስድስት ነፍስ ላለው ቤት በሰው 600 ሽልንግ ይደርሳል። ችግሩ የሚጀምረው ግን የዓመቱ ክፍያ በአንድ ጊዜ፣ አስቀድሞ ይከፈል በመባሉ ነው።

ደጋፊዎች ምን ይላሉ? ተቃዋሚዎችስ?

የሥርዓቱ ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ዋና ነጥብ ፍትሕ ነው። በአሮጌው ፈንድ ባለ ከፍተኛ ደመወዙ ከ1,700 ሽልንግ በላይ አይከፍልም ነበር፤ አሁን ግን እንደ ገቢው ይከፍላል። ታችኛው ጤና ጣቢያ ያለ መዋጮ መከፈቱም ሕመም ሳይከብድ በጊዜ ለመታከም ይረዳል ይላሉ። ከመስከረም 2023 ጀምሮ ወደ 100,000 የሚጠጉ የማኅበረሰብ ጤና አስተዋዋቂዎች የሕክምና ዕቃ ይዘው ቤት ለቤት እንዲሠሩ መሠማራታቸውንም በበጎ ይጠቅሳሉ።

የተቃዋሚዎች ነጥብ ብዙ ነው። አንደኛው ሕጋዊ ነው። በሐምሌ 2024 የናይሮቢ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሕዝቡ በበቂ ሁኔታ አልተመከረበትም በሚልና በሌሎች ምክንያቶች ሕጉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ፤ ፓርላማው እንዲያስተካክልም የ120 ቀን ጊዜ ሰጠ። በመስከረም 2024 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ስላገደው ሥርዓቱ በጥቅምት ሥራ ሊጀምር ቻለ።

ሁለተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። አሮጌው ፈንድ ሲዘጋ ለሆስፒታሎች ያልከፈለው ብዙ ቢሊዮን ሽልንግ ዕዳ ትቶ ነበር። በየካቲት 2025 የገጠርና የከተማ የግል ሆስፒታሎች ማኅበር አባላት ዕዳው ይከፈለን ብለው በመድን ማከም አቆሙ። በዚያን ጊዜ ካርድ ይዞ የሄደ ሕመምተኛ «በጥሬ ገንዘብ ክፈል» ተባለ።

ሦስተኛው መተማመን ነው። በመጋቢት 2025 ይፋ የሆነው የአገሪቱ ዋና ኦዲተር ሪፖርት ሥርዓቱ የሚሠራበት 104.8 ቢሊዮን ሽልንግ የሚያወጣ የኮምፒውተር መረብ በመንግሥት ባለቤትነት ሥር እንዳልሆነ ገለጸ። በዚያው ዓመት ያላከሙትን ሰው አከምን ብለው ሂሳብ ያቀረቡ ተቋማት ታግደዋል። ቀደም ብለን ስለ እድር ያነሳነው ሁለተኛው ችግር፣ ማለትም የገንዘብ ያዥ አለመታመን፣ እዚህ ላይ ይታያል።

አራተኛው የቀን ሠራተኛው ነው። በ2025 የተመዘገበው ሰው ከ20 ሚሊዮን በላይ ቢሆንም መዋጮ የሚከፍለው የዚያ ጥቂቱ ክፍል ብቻ ነበር፤ አብዛኛው ከፋይም ደመወዝተኛ ነው። የካዋንግዋሬ ልብስ አጣቢ በቀን የምታገኘውን በቀን ትበላለች። 3,600 ሽልንግ በአንድ ቀን ከየት ታመጣለች? መንግሥት ይህንን አይቶ በ2025 «ሊፓ ሻ ፖሌ ፖሌ» የሚል፣ ማለትም «መዋጮህን ቀስ በቀስ ክፈል»፣ የዱቤ አከፋፈል ጀመረ። ለ2.2 ሚሊዮን ችግረኞችም መንግሥት ራሱ እንደሚከፍል አስታወቀ።

አምስተኛው የሠራተኛው ጉዳይ ነው። ካርድ ብቻውን አያክምም። ከታኅሣሥ 2016 እስከ መጋቢት 2017 ድረስ 100 ቀን፣ በ2024 ደግሞ 56 ቀን ሐኪሞች ሥራ አቁመው ነበር። ጥያቄያቸው የደመወዝ፣ የተለማማጅ ሐኪሞች ምደባና የስምምነት አለመከበር ነበር። ሐኪም በሌለበት ሆስፒታል መድን ያለውና የሌለው እኩል ነው።

ስደተኛው የት ላይ ነው?

ኬንያ ከ1991 ጀምሮ ብዙ ስደተኛ ስትቀበል፣ የዳዳብ ካምፖች በ1991፣ ካኩማ በ1992 ሲከፈቱ የካምፕ ሕክምና ለብቻው ተሠራ። ድርጅቱ ክሊኒኩን ይሠራል፣ ሐኪሙን ይቀጥራል፣ መድኃኒቱን ይገዛል። ይህ አሠራር የብዙ ሰው ሕይወት አድኗል፤ ኮሌራና ኩፍኝ ሲነሣ በፍጥነት ለመድረስም ረድቷል። በካኩማ የአካባቢው የቱርካና ሕዝብም በእነዚሁ ክሊኒኮች ይታከማል። ነገር ግን ሙሉ በሙሉ የቆመው በለጋሾች ገንዘብ ላይ ነው። በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ባቆመ ጊዜና በሐምሌ 2025 የእርዳታ መሥሪያ ቤቱ ዩ.ኤስ.ኤ.አይ.ዲ. በተዘጋ ጊዜ አደጋው ለሁሉም ግልጽ ሆነ። አንድ ምሰሶ ብቻ ያለው ቤት፣ ምሰሶው ሲነቃነቅ ቤቱ በሙሉ ይነቃነቃል።

በናይሮቢ ለሚኖሩ ስደተኞች ሌላ መንገድ ተሞክሯል። ከ2010ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን (ዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር.) ለተወሰኑ ቤተሰቦች መዋጮ እየከፈለ በአሮጌው ፈንድ አስመዝግቦ ነበር። ይህም ስደተኛ በአገሩ መድን ውስጥ መግባት እንደሚችል በተግባር አሳይቷል።

የሕጉስ ጉዳይ? በ2021 የጸደቀውና በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የስደተኞች ሕግ ስደተኛው ሠርቶ እንዲኖርና ከአገሪቱ አገልግሎቶች ጋር እንዲቀራረብ በር ከፍቷል። በመጋቢት 2025 ይፋ የሆነው «ሺሪካ» የተባለው ዕቅድ ደግሞ ካምፖችን ስደተኛና የአካባቢው ሕዝብ አብረው ወደሚገለገሉባቸው መኖሪያዎች መለወጥን ዓላማው ያደርጋል። ክሊኒኮችንም ቀስ በቀስ ወደ ካውንቲ ማስተላለፍ የዚህ ክፍል ነው። አዲሱ የጤና መድን ሕግም ከ12 ወር በላይ በኬንያ የሚኖረውን የውጭ አገር ሰው ከሥርዓቱ ውጭ አያደርገውም።

ነገር ግን በወረቀት ያለ መብትና በመስኮት የሚሰጥ አገልግሎት መካከል ርቀት አለ። ለመመዝገብ የሚያገለግል መታወቂያ ያስፈልጋል፤ የብዙዎች መታወቂያ ጊዜው ያለፈበት ወይም ገና ያልወጣ ነው። ስም በመታወቂያ ላይ አንድ ዓይነት፣ በማንዴት ወረቀት ላይ ሌላ ዓይነት ተጽፎ ይገኛል። ለአቅም መገመቻ የሚቀርቡት ጥያቄዎች የካምፕ ኑሮን በልክ አይገልጹም፤ በድርጅት የተሠራ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ቤቱ የሀብቱ ምልክት አይደለም። የበጎ ፈቃድ ሠራተኛው የሚያገኘው ኢንሴንቲቭም ከደመወዝ ጋር አይወዳደርም።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ?

በኢትዮጵያ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ፤ ከአማራ ክልል ፎገራ፣ ተሁለደሬና ደቡብ አቸፈር ነበሩበት። ገበሬው መዋጮውን በዓመት አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችለው ድሃ ደግሞ ክልሉና ወረዳው ይከፍሉለታል። የዓመት ክፍያ ለገበሬ ብዙ የማይከብደው እህል ሸጦ ብር የሚይዝበት ወቅት ስላለው ነው። ለቀን ሠራተኛና ለስደተኛ ግን እንዲህ ያለ የመኸር ወቅት የለውም። በሌላ በኩል ለደመወዝተኞች የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን በ2010 ቢታወጅም ሠራተኛው በመቃወሙና ዝግጅቱ በመጓተቱ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ከሕዝብ ጋር ሳይመከርበት የመጣ መዋጮ በኬንያም በኢትዮጵያም ተቃውሞ ገጥሞታል።

ሩዋንዳ ከ1999 ሙከራ ጀምሮ የማኅበረሰብ መድንን ወደ መላ አገሪቱ አስፋፍታለች። በ2019 ደግሞ የከተማ ስደተኞች ወደዚሁ መድን እንዲገቡ ከዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. ጋር ተስማምታለች። ኢራን ከ2015 ጀምሮ ስደተኞች በብሔራዊው መድን እንዲመዘገቡ ፈቅዳለች፤ ለችግር የተጋለጡትን መዋጮ ዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. ሲሸፍን ሌሎቹ ራሳቸው ይከፍላሉ። ታይላንድ በ2002 መድን ያልነበራቸውን ዜጎቿን በሙሉ ከመንግሥት ግብር በሚከፈል መድን አቅፋለች። የአፍሪካ መሪዎችም በ2001 በአቡጃ ከበጀታቸው 15 ከመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተው ነበር፤ አብዛኞቹ አገሮች ግን እዚያ አልደረሱም።

የሚቀርቡት መፍትሔዎች ምን ምን ናቸው?

የመጀመሪያው፣ የካምፕ ሕክምናው እንዳለ ይቀጥል የሚል ነው። ጥቅሙ ቋንቋችሁን የሚያውቁ አስተርጓሚዎችና በቅርብ ያለ ክሊኒክ መኖሩ፣ ስትታከሙም አለመክፈላችሁ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ገንዘቡ ሲቀንስ የሚቀነሰው መጀመሪያ ሪፈር፣ ቀጥሎ መድኃኒት መሆኑ ነው።

ሁለተኛው፣ ሁሉም ስደተኛ በ«ሻ» ተመዝግቦ መዋጮውን ድርጅት ይክፈል የሚል ነው። ለጋሾች ሆስፒታል ከማስተዳደር ይልቅ መዋጮ ቢከፍሉ ያው ገንዘብ የአገሪቱንም ሥርዓት ያጠናክራል ይባላል። ስጋቱ የመድኑ ክፍያ ለሆስፒታሎች ከዘገየ ስደተኛውም ከኬንያዊው ጋር በመስኮቱ ላይ መቆሙ፣ ለጋሹም ነገ ላይከፍል መቻሉ ነው።

ሦስተኛው፣ ደረጃ በደረጃ የሚል ነው። ገቢ ያለው ራሱ ይክፈል፤ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞች፣ ብቻቸውን ልጆች የሚያሳድጉ እናቶችና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ይከፈልላቸው። ይህ የሚሠራው ግን ስደተኛው የሥራ ፈቃድ አግኝቶ ገቢ ሲኖረው ነው። መሥራት ያልተፈቀደለትን ሰው ክፈል ማለት አይቻልም።

አራተኛው፣ የክፍያው ጊዜ ይሻሻል የሚል ነው። የዓመቱ በአንድ ጊዜ መሆኑ ቀርቶ በወር ወይም በሳምንት በኤም-ፔሳ ቢከፈል ለካዋንግዋሬውም ለካምፑም ይቀላል። በእቁብ ለምትሰባሰቡ ሰዎች ይህ የታወቀ ነገር ነው፤ በሳምንት 70 ሽልንግ የሚያስቀምጥ ቤተሰብ በዓመት 3,640 ሽልንግ ያጠራቅማል። ዕለታዊ ራሽኑ ለማይበቃው ቤት ግን 70 ሽልንግም ምግብ ነው። ስለዚህ ይህ ለአንዳንዱ መፍትሔ ቢሆንም ለሁሉም አይሆንም።

አምስተኛው፣ መዋጮው ቀርቶ ሕክምና ሁሉ በግብር ይሸፈን የሚል ነው። ለድሃው ከሁሉም የሚቀለው ይህ ነው፤ ለመንግሥት ግን ከሁሉም የሚከብደው ይኸው ነው። ዕዳ የበዛበት መንግሥት ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጣ ካልታወቀ ነፃ የተባለው ጤና ጣቢያ መድኃኒት የሌለው ጤና ጣቢያ ይሆናል።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ብቻውን ይበቃል ብሎ መናገር ያስቸግራል። አንድ ነገር ግን ከሌሎች አገሮች መማር ይቻላል፤ ስደተኛ በሰላም ወደ አገሩ መድን የተሸጋገረው አሮጌው ክሊኒክ ከመዘጋቱ በፊት አዲሱ በር ተከፍቶ ሲቆይ ነው። የስኳር በሽተኛ ኢንሱሊኑን፣ ነፍሰ ጡሯም የቀዶ ሕክምና ክፍሉን እስከሚቀጥለው ስብሰባ ድረስ መጠበቅ አይችሉም።

እስከዚያው ድረስ ምን ማድረግ ትችላላችሁ?

• መታወቂያችሁን አሳድሱ። ጊዜው ሊያልፍ ወራት ሲቀሩት ወደ ስደተኞች አገልግሎት መምሪያ ቢሮ ሂዱ። የቤተሰባችሁ ሁሉ ስምና የልደት ቀን በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ። አዲስ የተወለደ ሕፃን በጊዜው ይመዝገብ፤ የልደት ማስረጃውንም አውጡለት።

• ድንገተኛ ሕክምና መብት መሆኑን እወቁ። በ2017 የወጣው የኬንያ የጤና ሕግ አቅሙ እያለው ድንገተኛ ሕክምና የሚከለክል ተቋም እስከ 3 ሚሊዮን ሽልንግ ሊቀጣ እንደሚችል ይደነግጋል። ከባድ ደም መፍሰስ፣ ምጥ፣ ራስን መሳትና የመተንፈስ ችግር ሲደርስ መጀመሪያ ወደ ቅርቡ ተቋም ሂዱ፤ የወረቀቱ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይታያል።

• ሂሳብ አልከፈላችሁም ተብላችሁ በሆስፒታል መታገት ሕገ ወጥ ነው። በ2015 የናይሮቢ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በፑምዋኒ የወሊድ ሆስፒታል ጉዳይ ይህንን ወስኗል። ዕዳው ግን ዕዳ ሆኖ ይቆያል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ለድርጅቱ የጤና ሠራተኛ ወይም ለሕግ ረዳት ወዲያው አሳውቁ።

• የሳንባ ነቀርሳና የኤች.አይ.ቪ. ሕክምና፣ የሕፃናት ክትባትም በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። «መድን የለኝም» ብላችሁ እነዚህን አታቋርጡ።

• የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ እስኪያልቅባችሁ አትጠብቁ፤ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ክሊኒክ ድረሱ። የሕክምና ካርዳችሁን፣ የላቦራቶሪ ውጤቱንና የሪፈር ወረቀቱን በአንድ ላስቲክ ውስጥ አስቀምጡ።

• ለምዝገባ ወይም ለሪፈር ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ካጋጠማችሁ አትክፈሉ። የዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. እና የአጋር ድርጅቶች አገልግሎት በነፃ ነው።

ለበጎ ፈቃድ ሠራተኞች

ቤት ለቤት ስትዞሩ ስለ «ሻ» ብዙ ትጠየቃላችሁ። ያልተረጋገጠ ነገር አትንገሩ። «ከነገ ጀምሮ ክሊኒኩ ይዘጋል» ወይም «ሁሉም በነፃ ይመዘገባል» የሚል ወሬ አንድ ሰው ሕክምናውን እንዲያቋርጥ ወይም የሌለውን ብር እንዲበደር ሊያደርገው ይችላል። ያላወቃችሁትን «ጠይቄ እነግርዎታለሁ» ማለት አያሳፍርም። ሦስት ነገሮችን ግን መዝግባችሁ ለአስተባባሪያችሁ አድርሱ፤ መታወቂያ የሌለው ስንት ቤተሰብ አለ? ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ማን ነው? ሆስፒታል ሄዶ የተመለሰ ካለስ ለምን ተመለሰ? ፖሊሲ የሚያወጡ ሰዎች ስለ ካምፕ ሲነጋገሩ ይህ መረጃ ከሌላቸው በግምት ይወስናሉ።

ለሁላችሁም የምናሳስበው ሌላ ጉዳይ አለ። የኬንያ ፍርድ ቤት የጤና ሕጉን የነቀፈበት አንዱ ምክንያት ሕዝቡ በበቂ ሁኔታ አለመጠየቁ ነበር። የካውንቲው ሰዎች፣ ድርጅቶች ወይም የብሎክ መሪዎች ስለ ጤና አገልግሎት ስብሰባ ሲጠሩ ቅሩ እንጂ አትሂዱ የሚላችሁን አትስሙ። ሴቶችም ሂዱ፤ ስለ ወሊድና ስለ ሕፃናት ሕክምና ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም። በስብሰባው ላይ አራት ነገሮችን ጠይቁ፦ መዋጮው ስንት ነው? ማን ይከፍለዋል? በየስንት ጊዜ ይከፈላል? ሆስፒታሉ ካርዱን አልቀበልም ቢል ለማን አቤት እንላለን? መልሱንም ጻፉት፤ ላልመጣው ጎረቤታችሁም ንገሩት።